«ነፃ» እና «በነፃ» ለየቅል ናቸው

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከአዲሱ ገበያ ዋና አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ቆራሌው ቆሟል። አከራዬ እትዬ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ ሁለት የዘይት ጀሪካንና የተበላሸ ምድጃ አስረክበውት ሲያበቁ ወደ እኔ መስኮት ዞር አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ያችን የማትሠራ ኮምፒውተርህን ለምን አትገላገላትም? አቧራ ከምትሰበስብ ሽጣት እንጂ!» አሉኝ። ይዣት ወጣሁ። ቆራሌው ላፕቶፕዋን ተቀበለኝና በፋሲካ ዋዜማ በግ እንደሚገዛ ሰው ጀርባዋን ዳበሰ፣ ገለበጣት፣ በመዳፉ መዘናት። ከዚያም ኮስተር ብሎ፣ «አራት መቶ ብር» አለ።

አራት መቶ ብር! ገበሬ የሚያርስበትን በሬ በቆዳው ዋጋ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው ያን ዕለት ገባኝ። እኔ ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ፣ ቋሚ ደመወዝ ሳይኖረኝ፣ ለጻፍኩት ብቻ የሚከፈለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። ያቺ ላፕቶፕ ማረሻዬም በሬዬም ነች። «አልሸጥም» ብዬ ይዣት ገባሁ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልፈርድባቸውም፤ ያን ቀን ላፕቶፕዋ ከመሶብ ክዳን ያለፈ አገልግሎት አልነበራትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ።

ላፕቶፕዋን የገዛኋት በ2014 ዓ.ም. ከመርካቶ ነው። በውጭ ሀገር መሥሪያ ቤት አገልግላ ጡረታ የወጣች ሰልባጅ ነች። ሰልባጅ የልብስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የኮምፒውተርም አለ። 4 ጊጋ ራም፣ 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ከ2004 ዓ.ም. ግድም የተሠራ ኮር አይ ስሪ ፕሮሰሰር። ባትሪዋ ገና ስገዛት ሞቶ ነበር፤ ከሶኬት ከተነቀለች እዚያው ድርግም ነው። ያም ሆኖ በዘጠኝ ሺህ ብር ገዝቻት ለዓመታት እንጀራ አብልታኛለች።

ታዲያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደህንነት ጥገና አቆመ። ከዚያ ወዲህ ለቫይረስና ለሌባ የሚመች ቀዳዳ ቢገኝ እንደ ወትሮው የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ማራዘሚያ ለሚሻ ግለሰብ ለአንድ ዓመት 30 ዶላር ተተመነ፤ ያለ ክፍያ የሚያገኙበት መንገድም ለአንዳንዶች ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ግን «ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻገሩ» ነው። መሻገሪያው ደግሞ ኬላ አለው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና በጥቅሉ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኔዋ አሮጊት በኬላው አታልፍም።

ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። ካናሊስ የተባለው የቴክኖሎጂ ገበያ አጥኚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው ግምት፣ በዚህ ውሳኔ የተነሳ 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ቆሻሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጾ ነበር። ኪቦርዳቸው ይሠራል፣ ስክሪናቸው ይበራል፤ ግን «ሞተዋል» ተባለ። የሞታቸውን ወረቀት የጻፈው ሐኪም ሳይሆን ነጋዴ ነው።

አዲስ ልግዛ ብልስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር፣ ከዚያ ወዲህ መቶ ብርን ጥሎ ሄዷል። የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቄ የተነገረኝን ለእትዬ ባጫውታቸው፣ «መሬት ልትገዛ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ያ ዊንዶውስ የእኔ አልነበረም። የተሰረቀ ነበር። ላፕቶፕዋን ስገዛ «ሁሉም ተጭኖላታል» ተባልኩ፤ ማን ጫነው፣ በማን ፈቃድ ብዬ አልጠየቅሁም። «ክራክ» ነው የምንለው። ቃሉን በእንግሊዝኛ ስለምንጠራው ይሆናል ሌብነት የማይመስለን። የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። እኔ ጽሑፌን ያለ ፈቃዴ አንድ ሰው ቢያትምብኝ ሀገር ይያዝልኝ እላለሁ። ሀገር ይያዝልኝ የሚለውን አቤቱታ የምጽፈው ግን በተሰረቀ ፕሮግራም ነበር። ጉድ እኮ ነው!

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶች ልክ ነበሩ። ክራኩ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ቫይረስ ይዞ መጣ። ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር ፋይሎቼ ወደ ሾርትከት ይለወጡ ጀመር። ኢንተርኔት ቤት ጽሑፍ ላሳትም በሄድኩ ጊዜ ባለቤቱ ፍላሼን እንደ ኮሌራ በሽተኛ ያየው ነበር። ቆይቶ ላፕቶፕዋ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ትፈጅ ጀመር፤ መጨረሻ ላይ ጭራሽ እምቢ አለች። ለማን አቤት ይባላል? የሰረቀ ሰው ዋስትና አይጠይቅም።

ታክሲ መያዣው አጠገብ በኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ሞባይል የሚጠግን የሰፈራችን ጎረምሳ አለ። ቆራሌውን በሸኘሁ ማግስት ላፕቶፕዋን ይዤለት ሄድኩ። ፈታታት፣ ከማራገቢያዋ ላይ አንድ ጭብጥ አቧራ አወጣና፣ «ብሮ፣ ይቺ እኮ ምንም አልሆነችም። የታመመው ዕቃው ሳይሆን ሲስተሙ ነው። ሊኑክስ ጫንባት» አለኝ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሊኑክሱ ነዋ!»

ሳቀብኝ። «በነፃ ነው ባክህ!»

እኔም እንደ ማንኛውም የዚህ ከተማ ሰው «በነፃ» የሚል ቃል ስሰማ ኪሴን ዳበስኩ። እዚህ ሀገር በነፃ የተባለ ነገር መጨረሻው ወይ ሿሿ ነው፣ ወይ ምርጫ ሲደርስ የሚታደል ቲሸርት ነው። ማነው የሠራው? ሠርቶስ ለምን ይሰጠኛል? የጋዜጠኛ አመል አይለቅምና ስጠይቅና ሳነብ ሰነበትኩ።

መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት፣ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሲስተም ለመጻፍ መነሳቱን አስታወቀ። ስሙንም «ግኑ» አለው። ዓመታት አለፉ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ደርግ ወደቀ። ሦስት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ 19 ቀን፣ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ አንድ ሲስተም እየሞካከረ መሆኑን በኮምፒውተር መረብ ላይ ለሙያ ጓደኞቹ ጻፈላቸው። ለጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ነበር የነገራቸው። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ተጋባና ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ተወለደ።

«ትልቅ ነገር አይሆንም» የተባለው ምን ደረሰ? በፍጥነታቸው ከዓለም አንደኛ እስከ 500ኛ የሚሰለፉት ሱፐር ኮምፒውተሮች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ የሚወርድ ታክሲ ውስጥ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ተሳፋሪ ሁሉ የሊኑክስን አስኳል ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። አፍሪካም እጇ አለበት። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወጣ። ቃሉ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው የሚል ሐሳብ የያዘ ነው፤ እኛም «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» እንላለን። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን ካለበት ሀገር ድረስ በፖስታ ይልኩለት ነበር፤ የፖስታ እንኳን አያስከፍሉም።

እንግዲህ ወደ ርእሴ ልመለስ። ስቶልማን «ነፃ ፕሮግራም» ሲል ዋጋው ዜሮ ነው ማለቱ አልነበረም። በእንግሊዝኛ ሁለቱም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ይህንኑ ሲያስረዳ ዕድሜውን ፈጅቷል። የእኛ ቋንቋ ግን ከዚህ ድካም ሊያሳርፈው ይችል ነበር። «በነፃ» ስንል ገንዘብ አልከፈልኩም ማለታችን ነው። «ነፃ» ስንል ደግሞ ማንም አይዘኝም፣ ማንም አያስረኝም ማለታችን ነው። እርግጥ «ነፃ ሕክምና» ስንል ትንሽ ይምታታል፤ ቢሆንም አንዲቷ «በ» ብዙውን ጊዜ ትለያቸዋለች። እርስዎ ውድ አንባቢ፣ ይህን ጋዜጣ ከአዟሪው ሲገዙ ከፍለዋል። በነፃ አላገኙትም። ሆኖም ነፃ ፕሬስ ይሉታል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሲከለክል ጋዜጣን ርካሽ ለማድረግ አልነበረም። በሌላ በኩል በየስብሰባው በር ላይ በነፃ የሚታደል መጽሔት ሞልቷል፤ ነፃ ነው ወይ? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ነፃ ባልሆነ ፕሮግራምና በነፃ ፕሮግራም መካከል ያለው ልዩነት የወጥ ነገር ነው። አንዱ የተሠራ ወጥ ይሸጥልሃል፤ አሠራሩን ግን ይቆልፍብሃል። ጨው አነሰው ብለህ ብትጨምር ጥፋት ነው፤ ለጎረቤት ብታቀምስ ጥፋት ነው። ነገ ምግብ ቤቱ «ይህን ወጥ ትቻለሁ» ካለ ድስትህን ይዘህ መቅረትህ ነው። ሌላው ከወጡ ጋር የበርበሬ ድለዛውን ጭምር ያሳይሃል። አንተ ወጥ መሥራት ባትችል እንኳን የሚችል ጎረቤት አይጠፋም። ላፕቶፔን የገደላት ዕድሜ አይደለም፤ ቁልፉ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጎረምሳው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን መረጠልኝ። ከኡቡንቱ ተወልዶ፣ ለአሮጌ ማሽን የሚስማማ ቀለል ያለ ዓይነትም አለው። ለዚህኛው 2 ጊጋ ራም ከበቃው፣ ለምቾት 4 ጊጋ ይመከራል። ፋይሉ 3 ጊጋ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ በሌሊት ጥቅል፣ ዓይኔ እየተንጠለጠለ፣ በሱቁ ኮምፒውተር አወረድነው። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈው። ልብ በሉ፤ ፋይሉን ፍላሹ ላይ ገልብጦ መለጠፍ ብቻ አይበቃም፤ ፍላሹ ራሱ ማሽን የሚያስነሳ ሆኖ መጻፍ አለበት። ከዚያ ላፕቶፕዋን እያበራ ኤፍ 12ን ደጋግሞ ተጫነና «ከፍላሽ ተነሽ» አላት። በሌላ ማሽን ቁልፉ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 9 ሊሆን ይችላል።

ተነሳች! ሃርድ ዲስኳን ገና ሳንነካ፣ ሲስተሙ ከፍላሹ ላይ ሆኖ ስክሪኑን አበራው። ይህን ነው የወደድኩት። ጫማ ከመግዛትህ በፊት እግርህን አስገብተህ እንደምትለካው ሁሉ፣ ሳትጭነው ትሞክረዋለህ። ድምፁ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፤ ዋይፋዩ እምቢ አለ። ስልኬን በኬብል አገናኝተን ኢንተርኔት በእሱ በኩል ሰጠናትና ለዋይፋዩ የሚሆነውን ፕሮግራም ራሷ ፈልጋ አመጣች። የቆዩ ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ካወጣን በኋላ «ሁሉንም አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ተጫንን።

ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ሄደ።

ባትሪ የሌላት ላፕቶፕ፣ ግማሽ ዊንዶውስ የጠፋባት፣ ግማሽ ሊኑክስ የተጻፈባት፣ ጨለማ ውስጥ! ኮንቴይነሩ ውስጥ ቁጭ ብለን የእንጦጦን ጥቁር ግንባር እያየን ዝም ተባባልን። «አለቀላት?» አልኩት። «ኧረ አይዞህ፣ ፍላሹ አለ አይደል?» አለኝ። ምሽቱን ሙሉ ሳይመጣ አደረ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ መብራት ሲመለስ ከዜሮ ጀመርን፤ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ለመነሳት ሩብ ሰዓት ትፈጅ የነበረችው አሮጊት ከሁለት ደቂቃ በታች ተነሳች። ስትነሳ ከአራት ጊጋ ራሟ አንዱን ጊጋ እንኳን አልሞላችም። ከዚያን ቀን ወዲህ መብራት ሲሄድ እንጂ በራሷ ጠፍታብኝ አታውቅም። ምክር ለሚሻ፦ ባትሪው የሞተ ማሽን ላይ ስትጭኑ ወይ ጄኔሬተር ያለበት ቤት ሂዱ፣ ወይ ፋይላችሁን ቀድማችሁ አውጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ሂሳብ ሠራተኞቻችን የሚምሉበት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የገጽ አቀናባሪዎች የለመዱት ፎቶሾፕም እንዲሁ። ለአንዳንዱ አታሚ ማሽን ፕሮግራም ፍለጋ ላብ ያስወጣል። በዊንዶውስ የተሠራ ሠንጠረዥ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት መስመሩ ሊዛባ ይችላል። ሥራው በእነዚህ ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ ይሞክር፣ ኋላ ይወስን። እንደ እኔ ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኢሜይል ለሚልክ፣ ለሚያነብና ለሚማር ሰው ግን ተርፎ የሚፈስ ነው።

ዋናው ፈተናዬ ከዚህ በኋላ መጣ። የድሮ ጽሑፎቼን ልከፍት ብል ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፍኳቸው ሁሉ ዝባዝንኬ ሆነው ቀረቡ። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ዶላር ምልክት፣ እንደ ጠንቋይ ጽሑፍ የተዘበራረቀ። ከነሱ መካከል አንዱ ፋይል ለእኔ ከላፕቶፕዋ ዋጋ በላይ ነበር። ከዓመታት በፊት ሽሮ ሜዳ ሄጄ ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ሸማኔ ነበሩ። ከጋሞ ተራራ በልጅነታቸው ተነስተው በእግር እንዴት እንደመጡ፣ እንጦጦ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው መጀመሪያ የተከሉትን የሽመና ዕቃ፣ ያጡትን ልጅ ነግረውኛል። ድምፃቸውን የቀዳሁበት ስልክ ተሰርቋል። እሳቸውም በሕይወት የሉም። የቀረው ያ ፋይል ብቻ ነው፤ እሱም ዶላር ምልክት ሆኖ አረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። ያኔ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ለላቲን ፊደል የተመደቡትን ቁጥሮች ተውሰው፣ እያንዳንዱ በየፊናው የራሱን ቁጥር አደለ። የአንዱን ሌላው አያነበውም። መጻፊያው ከገበያ ሲጠፋ ጽሑፍህም አብሮ ይቆለፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ ሰጠው። ዛሬ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ አዲስ አበባም ይሁን አላስካ። ማንም ነጋዴ ሊለውጠው አይችልም። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ይህም የቁልፍ ጉዳይ ነው። ፊደላችን እንኳን ያለ ባለቤት ፈቃድ የማይነበብበት ጊዜ ነበር።

ጎረምሳው ፋይሉን ሁለት ቀን ታገለው። የድሮውን አቀማመጥ ከታተመ ጋዜጣ ላይ ካለ ጽሑፌ ጋር እያመሳከርን፣ «ይህ ምልክት ሲመጣ ይህን ፊደል ተካ» የሚል ሠንጠረዥ አወጣን። ከሊኑክሱ ጋር ተጭኖ በመጣው ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ትእዛዝ ጻፈለት። አንዳንድ ቦታ «ጸ» እና «ፀ» ተምታተዋል፣ አራት ነጥቦች ጠፍተዋል። ቢሆንም ሸማኔው ተናገሩ። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ከዶላር ምልክቱ ውስጥ ሲወጡ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መሣሪያው ክፍት፣ ፊደሉ ክፍት፣ ሰውየው ፈቃደኛ፤ ሦስቱ ሲገናኙ የሞተ ይነሳል።

አሁን ነገሬን ወደ አደባባይ ላውጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን የታሰበ ፕሮግራም በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተጀመረ። ዓላማውን ማን ይጠላል? ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በየትኛው ኮምፒውተር? በስልክ ኮርስ መከታተል ይቻላል፤ ቁም ነገር ያለው ፕሮግራም መጻፍ ግን ኪቦርድ ይፈልጋል። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ «ጊዜ ያለፈበት» ተብሎ ጥግ ላይ የተከመረ ማሽን ያላየ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። እነዚያ ማሽኖች ጨረታ እስኪወጣላቸው አቧራ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ቆራሌ በኪሎ ይወስዳቸዋል። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርቷል፤ በሥርዓቱ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ያለው ሩቡ እንኳን አይደለም። እኛ ድሆቹ ከሀብታሞቹ እኩል መጣል ማን አስተማረን? ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ዕዩ፤ እዚያ የሚሞት ብረት የለም። የሚስማር ቅራፊ እንኳን ነፍስ ይዘራል። ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ ነው ጨዋነታችን የሚያስቸግረን።

ሌሎች ሀገሮች ሞክረውታል። የፈረንሳይ ጃንዳርመሪ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቹን ወደ ኡቡንቱ አዛውሯል። የሕንዷ ኬረላ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነፃ ሲስተም ነው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ግን ከዓመታት ጉዞ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ልመለስ ብላ ወስናለች። ስለዚህ ድግምት አይደለም፤ ሥልጠናና ያዥ ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን ገንዘቡ ለፈቃድ ክፍያ ወደ ውጭ ከሚሄድ፣ እንደዚያ የኮንቴይነር ጎረምሳ ላሉ ልጆች ደመወዝ ቢሆን ምን ይጎዳናል?

የምጠይቀው የሰማይ ላም አይደለም። አንደኛ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከመዝገብ ሲሰርዝ፣ ከጨረታ በፊት መረጃው ጠፍቶ፣ ነፃ ሲስተም ተጭኖበት የሚሠራው ለትምህርት ቤት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ሕግ አስከባሪ የሆነ ቢሮ ራሱ በክራክ አይሥራ፤ ወይ ከፍሎ ይግዛ ወይ ነፃውን ይጫን። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ሰነድ በዩኒኮድና ማንም ሊከፍተው በሚችል ዓይነት ይቀመጥ። ዛሬ በየመዝገብ ቤቱ በድሮ ፊደል ተጽፎ የተቆለፈ ስንት የሸማኔ ታሪክ፣ ስንት የፍርድ ውሳኔ አለ? የሚያነበው ሲጠፋ ያኔ ማን ይጠየቃል?

ባለፈው ሳምንት ቆራሌው ተመልሶ መጣ። እትዬ በሩ ላይ ሆነው፣ «አይ፣ የእሱዋን ተዋት፤ ተነስታለች» አሉት። ላፕቶፕዋ በረንዳው ላይ ነበረች። የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው አማርኛ እየጻፈችባት ነው። ሊኑክስ ላይ ከሚገኙት የአማርኛ መጻፊያ ስልቶች አንዱ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነደፉት፣ በላቲን ቁልፎች ግዕዝ የሚጻፍበት ነው። የስልቱ ስም በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲነበብ «ሴራ» ይመስላል። እኔም ከሙያዬ የተነሳ መጀመሪያ ስሰማው ደንግጬ ነበር። ልጅቷ አራቱን የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ ስትጫን ግን ስክሪኑ ላይ የወጣው ሌላ ቃል ነው። በስልቱ ሕግ «ሴራ» ለመጻፍ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ጨምሮ መጫን ያስፈልጋል፤ ሴራ ምንጊዜም ተጨማሪ ጣት ይፈልጋል። ዝም ብለህ ከጻፍከው የሚወጣው «ሰራ» ነው።

«ሰራ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

ቆራሌው ማዳበሪያውን አስተካክሎ ተሸከመና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።